መመለሻው ያጥራል፦ የአዲስ አበባና የዋሽንግተን መንገድ

ታኅሣሥ 8 ቀን 1896 ዓ.ም. ሮበርት ስኪነር የተባለ አሜሪካዊ ከነጓዙ አዲስ አበባ ገባ። በፈረንሣይ አገር በማርሴይ ወደብ የአሜሪካ ቆንስል ጄኔራል ነበር። ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ከዐፄ ምኒልክ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል እንዲዋዋል ልከውት ነው የመጣው። ከአሜሪካ መንግሥት ወደ ኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት የተላከ የመጀመሪያው መልእክተኛም እሱ ሆነ። ከጅቡቲ እስከ ድሬዳዋ ያመጣው ባቡር ነበር። ሐዲዱ ግን ያን ጊዜ ድሬዳዋ ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ የበቅሎና የግመል ነበር፤ ሲመሽ ድንኳን መትከል፣ ሲነጋ መጫን፣ ውኃ ካለበት ተነሥቶ ውኃ እስካለበት መገስገስ፣ የአዋሽን በረሃ አቋርጦ ወደ ደጋው መውጣት። ያጀቡት የአሜሪካ ባሕር ኃይል ወታደሮች ነበሩ፤ መርከብ የለመዱ ሰዎች በበቅሎ ጀርባ ሸዋ ደረሱ። ውሉ ታኅሣሥ 17 ቀን ተፈረመ።

ነገር ግን የተፈረመው ውል ወደ አሜሪካ ሄዶ፣ በሴኔት ጸድቆ፣ ተመልሶ ለምኒልክ መድረስ ነበረበት። ይህን አደራ የተቀበለው ኬንት ሉሚስ የተባለ ሰው በ1896 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ከኒው ዮርክ ካይዘር ቪልሄልም ዳግማዊ በተባለች የጀርመን መርከብ ተሳፈረ። መርከቧ ወደ እንግሊዝ ጠረፍ ስትቃረብ ሰውየው ከመርከቧ ላይ ጠፋ። አስከሬኑን ከሳምንታት በኋላ ባሕሩ ወደ እንግሊዝ ዳርቻ አወጣው። አብሮት ይጓዝ የነበረው ዊልያም ኤሊስ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ነጋዴ ነበር። ኤሊስ ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ኢትዮጵያ ደርሶ ምኒልክን ያየ፣ መንገዱን የሚያውቅ ሰው ነው። ውሉን ይዞ ጉዞውን ቀጠለ፤ ለንጉሠ ነገሥቱም አደረሰ። በሁለቱ አገሮች መካከል የተጻፈው የመጀመሪያው ሰነድ አንድ ሰው ሕይወቱን አጥቶበት የደረሰ ነው።

በአዲስ አበባና በዋሽንግተን መካከል ያለው የአየር ርቀት ከ11,500 ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። እኔ በዚህ ጽሑፍ የምከተለው ያንን ርቀት ለመጨረስ የፈጀውን ጊዜ ነው። ዓመቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው። አንባቢዬ በመንገዳችን ላይ አንድ ነገር ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ፤ መሄጃውና መመለሻው እኩል ሆነው አያውቁም።

ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ያለው 784 ኪሎ ሜትር በበቅሎ ሳምንታት ይፈጅ የነበረ ሲሆን፣ አሁን ወደ ሦስት ቀን ወረደ። ሦስት ቀን የሆነውም ባቡሩ ሌሊት ስለማይሄድ ነው፤ መንገደኛው አዋሽና ድሬዳዋ ላይ ወርዶ ያድር ነበር። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1911 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ መልእክተኞች በተራቸው አሜሪካ ሄዱ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ድል ላደረጉት መንግሥታት ደስታ ለመግለጽ የተላኩ ነበሩ። ደጃዝማች ናደው፣ ኅሩይ ወልደ ሥላሴና ከንቲባ ገብሩ ደስታ ከነዚህ መካከል ነበሩ። በባቡር ጅቡቲ ወረዱ፤ ቀይ ባሕርን፣ ስዊዝን፣ ሜዲትራኒያንን፣ በመጨረሻም አትላንቲክን በመርከብ ተሻግረው ዋሽንግተን ከፕሬዚዳንት ዊልሰን ዘንድ ቀረቡ። እንዲህ ያለ ጉዞ በሰዓት አይቆጠርም ነበር። ሰው ሲሄድ ለወራት ይሰናበታል፤ ደብዳቤውም እንደ እሱ በመርከብ ስለሚመጣ፣ ደኅና መግባቱ የሚሰማው ከገባ ከብዙ ሳምንት በኋላ ነው።

ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣች ፖቴዝ 25 የተባለች ባለ ድርብ ክንፍ አውሮፕላን፣ አንድሬ ማዬ በተባለ ፈረንሣዊ አብራሪ እጅ፣ አዲስ አበባ አረፈች። የባቡሩ የሦስት ቀን መንገድ በሰዓታት አለቀ። አሜሪካ ግን ከዚህች አውሮፕላን ጋር ምንም የሚያገናኘው አልነበረም፤ የአሜሪካንና የኢትዮጵያን ሰማይ ካገናኙት ሰዎች አንዱን ላንሣ። ጆን ሮቢንሰን ይባላሉ። በሚሲሲፒ ያደጉ፣ በቺካጎ በረራ የተማሩ ጥቁር አሜሪካዊ ነበሩ። ጥቁር ሰው ወደ በረራ ትምህርት ቤት በር በማይቀርብበት ዘመን አብራሪ ሆኑ፤ ሌሎችንም አስተማሩ። በ1927 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ ሲያንዣብብ ኢትዮጵያ መጡ፤ ዐፄ ኃይለ ሥላሴም የትንሿን አየር ኃይል አዛዥነት ሰጧቸው። መሣሪያ በሌላቸው ጥቂት አውሮፕላኖች በግንባሩና በአዲስ አበባ መካከል መልእክትና መድኃኒት አመላለሱ። አገሪቱ ስትያዝ ወደ አሜሪካ ተመለሱ። ከነጻነት በኋላ ደግሞ በ1936 ዓ.ም. እንደገና መጡና ኢትዮጵያውያን አብራሪዎችን ማሠልጠን ጀመሩ። በ1946 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ ሕይወታቸው አለፈ፤ የተቀበሩትም እዚሁ ነው። በዚህ መስመር ስለተጓዙ ሰዎች ሲወራ ስማቸው መቅደም ያለበት እሳቸው ይመስሉኛል። ያኔ ለጥቁር አሜሪካዊ የአዲስ አበባ መንገድ ከርቀቱ ይልቅ በዘር አድልዎ የከበደ ነበር።

የካቲት 6 ቀን 1937 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በግብፅ መራራ ሐይቅ ላይ በቆመችው ኩዊንሲ በተባለች የጦር መርከብ ከፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ጋር ተገናኙ። ፕሬዚዳንቱ ከያልታ ጉባኤ እየተመለሱ ነበር። ከስብሰባው በኋላ በነበሩት ወራት የአየር መንገድ ነገር ተፋጠነ። ጳጉሜ 3 ቀን 1937 ዓ.ም. ከአሜሪካው አየር መንገድ ከቲ ደብሊው ኤ ጋር ስምምነት ተፈረመ፤ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ተቋቋመ፤ መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያው በረራ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ሄደ። አውሮፕላኖቹ ከጦርነት የተረፉ አምስት ዳኮታዎች ነበሩ። መቀመጫቸው እንደ ወታደር ማመላለሻ በግድግዳው ግራና ቀኝ የተዘረጋ ነበርና መንገደኛው ፊት ለፊት እየተያየ፣ ዕቃው መሐል ወለሉ ላይ ተከምሮ ይጓዝ ነበር።

ያ የካይሮ በረራ ከሚታሰበው በላይ ትልቅ ነገር ነበር። ቲ ደብሊው ኤ በዚያው ዓመት ከአሜሪካ እስከ ካይሮ መብረር ጀምሯል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ እግሩ መርከብ ሳይረግጥ አሜሪካ መድረስ የሚቻልበት መንገድ ተከፈተ። ረጅም ነበር። የዚያን ዘመን አውሮፕላን አትላንቲክን የሚሻገረው አየርላንድ ሻነን ላይና ካናዳ ጋንደር ላይ ነዳጅ እየቀዳ ነው። በየማረፊያው መቆየትና በየከተማው ማደር ሲጨመርበት ጉዞው ቀናት ይፈጅ ነበር። ዋጋውም ለተራ ሰው የሚታሰብ አልነበረም።

የአየር ጉዞው እንዲህ ረጅም ስለነበር ይመስለኛል ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ግንቦት 1946 ዓ.ም. አሜሪካን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጎበኙ አትላንቲክን የተሻገሩት ዩናይትድ ስቴትስ በተባለች ታላቅ የመንገደኞች መርከብ የሆነው። መርከቧ ከሁለት ዓመት በፊት በመጀመሪያ ጉዞዋ ክብረ ወሰን ሰብራ ነበር። ከአሜሪካ ወደ አውሮፓ ስትሄድ 3 ቀን ከ10 ሰዓት ከ40 ደቂቃ፣ ከአውሮፓ ወደ አሜሪካ ስትመለስ 3 ቀን ከ12 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ፈጀባት። አንድ መርከብ፣ አንድ ውቅያኖስ፤ ወደ ምሥራቅ የሚወስደው መንገድ ግን አጠረ። ይህን ልዩነት ወደ ኋላ በሰማይ ላይ እናገኘዋለን።

በ1950 ዓ.ም. አየር መንገዱ አራት ሞተር ባላቸው ዲሲ-6ቢ አውሮፕላኖች ወደ ፍራንክፈርት መብረር ጀመረ። ያን ጊዜ ማረፊያው ልደታ ነበር። ለጄት ግን የልደታ ሜዳ አይበቃም፤ ቦሌ የተሠራው ለዚህ ነው። በ1955 ዓ.ም. ቦይንግ 720ቢ ጄቶች ሥራ ጀመሩ፤ ከአዲስ አበባ አውሮፓ በአንድ ቀን የሚደረስበት አገር ሆነ።

ጄቱ ምን እንደለወጠ ከሁሉም አጉልቶ የሚያሳየኝ የ1956 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። መስከረም 20 ቀን ዐፄ ኃይለ ሥላሴ አሜሪካን እንደገና ጎበኙ። በአውሮፕላን ፊላዴልፊያ ደርሰው ከዚያ በባቡር ዋሽንግተን ዩኒየን ጣቢያ ሲገቡ ፕሬዚዳንት ኬኔዲና ባለቤታቸው ወጥተው ተቀበሏቸው። ሁለት ወር ሳይሞላ ኅዳር 12 ቀን ኬኔዲ ዳላስ ላይ ተገደሉ። በአዲስ አበባ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር። ቀብራቸው የተፈጸመው ኅዳር 15 ቀን ነው። በዚያ ሰልፍ ውስጥ የወታደር ልብሳቸውን ለብሰው ከፈረንሣዩ ደጎል ጎን የሚሄዱት ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት በመርከብ የተሻገሩትን ውቅያኖስ አሁን ለለቅሶ ደረሱበት። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ለቅሶ መድረስ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ሩቅ ያለ ወዳጅ ሞቶ ሳይቀበር መድረስ ከተቻለ፣ ያ ቦታ ሩቅ መባሉ ቀርቷል።

የዚያ ዘመን ተማሪዎችም በዚሁ መንገድ ሄዱ። በኢትዮጵያ አየር መንገድ እስከ አውሮፓ፣ ከዚያ በአሜሪካ አየር መንገዶች እስከ ኒው ዮርክ ወይም ዋሽንግተን። ሸኚው ቦሌ ድረስ ይወጣል፤ ቤተሰቡ በሙሉ ከአውሮፕላኑ ፊት ፎቶ ይነሣል። አብዛኞቹ የሄዱት ሊመለሱ ነበር። ተምሮ መመለስ ወግ ነበር፤ ቦታም ይጠብቃቸው ነበር።

1966 መጣ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የአዲስ አበባና የዋሽንግተን ርቀት እንደገና ረዘመ። ረዘመ ስል በምሳሌ አይደለም። አብዮቱ፣ ቀይ ሽብሩ፣ የመውጫ ቪዛው ቁጥጥር ቦሌን ለብዙ ሰው ዘጋበት። የተከፈተው መንገድ የእግር ነበር። በሑመራ ወይም በመተማ ወደ ሱዳን፤ ሌሊት በመሪ፣ ቀን በጫካ ተደብቆ፤ ገዳሪፍ፣ ከዚያ ካርቱም። ሌላው ወደ ጅቡቲ፣ ሌላው ወደ ኬንያ። ካርቱም የደረሰ ሰው ደግሞ ጉዞው ገና መጀመሩ ነው። ማመልከቻ፣ ቃለ መጠይቅ፣ የጤና ምርመራ፣ ስፖንሰር መጠበቅ። መጋቢት 1972 ዓ.ም. በአሜሪካ የወጣው የስደተኞች ሕግ በሩን በሰፊው ከፈተው። ትኬቱ በብድር ይሰጣል፤ ሰውየው አሜሪካ ገብቶ ሥራ ሲይዝ በየወሩ ይከፍለዋል።

በዋሽንግተን ከተማ ከዚያ ዘመን ሰዎች አንዱን ከአዲስ አበባ እዚህ ለመድረስ ስንት ጊዜ ፈጀብህ ብላችሁ ብትጠይቁት፣ በሰዓት አይመልስላችሁም። አንዱ ሦስት ዓመት ይላችኋል፤ ሌላው አምስት። በስኪነር ዘመን እንኳ መንገዱ እንዲህ አልረዘመም ነበር። እነዚህ ሰዎች በአዳምስ ሞርጋን ሰፈር በ18ኛው ጎዳና ምግብ ቤት ከፈቱ፤ ታክሲ ነዱ፤ የመኪና ማቆሚያ ጠበቁ፤ ማታ ተማሩ። ዋሽንግተን ዲሲ ለእኛ “ዲሲ” የሆነችው በነሱ ነው።

እንግዲህ ግንቦት 24 ቀን 1976 ዓ.ም. ላይ ደረስን። ከፋብሪካ ወጥቶ ለኢትዮጵያ አየር መንገድ የተሰጠ አዲስ ቦይንግ 767-200 ኢ አር ከዋሽንግተን ተነሥቶ የትም ሳያርፍ አዲስ አበባ ገባ። በበረረበት መስመር 12,082 ኪሎ ሜትር በ13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ። ባለ ሁለት ሞተር የመንገደኛ አውሮፕላን እስከዚያ ቀን ያን ያህል ርቆ በርሮ አያውቅም፤ የዓለም ክብረ ወሰን ሆነ። በዚያ ጊዜ በአሜሪካ ደንብ ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን መንገደኛ ይዞ ሲበር በአቅራቢያው ካለ ማረፊያ ከ60 ደቂቃ በላይ መራቅ አይፈቀድለትም ነበር። ለአትላንቲክ ደንቡ የላላው በማግሥቱ ዓመት ነው። ስለዚህ ያ በረራ ለነገ መንገድ የተደረገ ሙከራም ነበር ማለት ይቻላል።

ይህን ክብረ ወሰን ባሰብኩ ቁጥር የሚያመኝ ነገር አለ። አውሮፕላኑ የተነሣው ስደተኞቹ ከሚኖሩበት ከተማ ነው። መዳረሻው እናቶቻቸው ያሉበት ከተማ ነው። በመካከላቸው 13 ሰዓት ብቻ እንዳለ በዚያ ቀን በተግባር ታየ። እነሱ ግን ሊሳፈሩ አይችሉም ነበር፤ ብዙዎቹም የሚመለሱበትን ቀን ሳያዩ ወላጆቻቸውን በስልክ ቀበሩ። መንገዱ ሲያጥር ሁሉም ሰው አይደርስበትም።

በ1983 ዓ.ም. ደርግ ወደቀ፤ ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ለጥየቃ መመለስ ጀመሩ። ከዋሽንግተን ለንደን ወይም ፍራንክፈርት ወይም ሮም፣ ከዚያ ሰዓታት የሚፈጅ ትራንዚት፣ ከዚያ አዲስ አበባ። በ1990ዎቹ ደግሞ ዲቪ የሚባለው የአሜሪካ ቪዛ ዕጣ በየቤቱ ገባ። “ዲቪ ደረሰው” የሚለው ዜና በየሰፈሩ እንደ ሠርግ የሚወራ ሆነ። ስደት የነበረው መንገድ የወረቀት መንገድ ሆነ፤ የመንገደኛውም ቁጥር በዛ። በ1990 ዓ.ም. ገደማ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በራሱ አውሮፕላን አትላንቲክን ተሻግሮ ወደ ኒውአርክና ወደ ዋሽንግተን መብረር ጀመረ። ከክብረ ወሰኑ በረራ 14 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

አሁን መጀመሪያ ልብ በሉልኝ ወዳልኩት ነገር እንመለስ። ከቦሌ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው አውሮፕላን በመንገድ ያርፋል። ለብዙ ዓመታት ሮም ነበር፤ ኋላ ደብሊን፤ ከዚያም ሎሜ። ከዋሽንግተን ሲመለስ ግን የትም ሳያርፍ በቀጥታ ቦሌ ይገባል። አውሮፕላኑ አንድ ነው፤ ርቀቱም አንድ ነው። ብዙ መንገደኛ አየር መንገዱ ሰው ለመጫን የሚያደርገው ይመስለዋል። ዋናው ምክንያት ግን ከተማችን ያለችበት ቦታ ነው።

ቦሌ ከባሕር ወለል 2,334 ሜትር ከፍ ብሎ የተቀመጠ ማረፊያ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። የሳሳ አየር ክንፉን እንደሚገባ አያነሣውም፤ ሞተሩም የሚስበው አየር ስለሚያንስ ጉልበቱ ይቀንሳል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ከመሬት ለመነሣት አብዝቶ መፍጠን፣ ለመፍጠንም አብዝቶ መንደርደር አለበት። መንደርደሪያው ደግሞ ወሰን አለው። የሚቀረው መፍትሔ ክብደት መቀነስ ነው። ሩቅ ለሚሄድ አውሮፕላን ትልቁ ሸክም ነዳጁ ነው። ድሪምላይነር የምንለው ቦይንግ 787-8 ጋኑ ሲሞላ 126,000 ሊትር ያህል ይይዛል፤ ይህ ለመነሣት ከሚፈቀድለት ጠቅላላ ክብደት ግማሽ ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል። ያን ሁሉ ነዳጅ፣ ያን ሁሉ ሰውና ሻንጣ ይዞ ከቦሌ መነሣት ስለማይችል፣ ጥቂት ነዳጅ ይዞ ይነሣና ዝቅ ያለ አገር ወርዶ ይሞላል። የዋሽንግተኑ ዳለስ ማረፊያ ግን ከባሕር ወለል 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። እዚያ አየሩ ወፍራም ነው፤ አውሮፕላኑ ጋኑን ሞልቶ ይነሣል።

ሁለተኛው ምክንያት ነፋስ ነው። በሰሜኑ የምድር ክፍል፣ አውሮፕላን በሚበርበት ከፍታ፣ ኃይለኛ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። ወደ አሜሪካ የሚሄድ ይጋፈጠዋል፤ ወደ አገር ቤት የሚመለስ ግን ከኋላ ይገፋዋል። በዚህ ላይ ማረፊያው ሲጨመር፣ ወደ ዋሽንግተን 16 ወይም 17 ሰዓት የሚፈጀው ጉዞ ሲመለስ ወደ 13 ሰዓት ይወርዳል።

በሉል ካርታ ላይ ክር ወጥራችሁ ብታዩ የሚያስገርም ሌላ ነገር አለ። ምድር ድቡልቡል ስለሆነች አጭሩ መንገድ ወደ ሰሜን ምዕራብ ጎብጦ በሱዳን፣ በሊቢያና በአልጄሪያ ሰማይ፣ ከዚያም በስፔን ላይ ያልፋል፤ ትክክለኛው አጋማሹም ፖርቱጋል ውስጥ ነው። መንገደኛው ግማሹን መንገድ የጨረሰው አትላንቲክን ገና ሳያየው ነው ማለት ነው።

ኅዳር 2003 ዓ.ም. በአፍሪካ የመጀመሪያው ቦይንግ 777-200 ኤል አር አዲስ አበባ ገባ። ነሐሴ 2004 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን ድሪምላይነር ተረከበ፤ ከጃፓን አየር መንገዶች በቀር በዓለም ላይ ማንም አልቀደመውም። በእነዚህ አውሮፕላኖች የ1976ቱ ክብረ ወሰን የዘወትር መስመር ሆነ። ያኔ ጋዜጣ ላይ የወጣው ጉዞ አሁን ሕፃን ያቀፈች እናት፣ ምርኩዝ የያዙ አያት የሚሄዱበት ሆኗል።

ቦሌ ላይ ሻንጣ ሲመዘን የቆመ ሰው ይህን መስመር በደንብ ያውቀዋል። ለአንድ ሰው ሁለት ሻንጣ፣ 23 ኪሎ፣ 23 ኪሎ። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ቆሎው፣ ድርቆሹ ወደ ዲሲ ይሄዳል። እናት በፌስታል ላይ ፌስታል ደርባ ያሰረችው በርበሬ ሚዛኑን አልፎ ሲወጣ፣ ወለሉ ላይ ሻንጣ ተከፍቶ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዛወራል። ከዲሲ ሲመጣ ደግሞ መድኃኒት፣ ጫማ፣ የሕፃን ልብስ፣ ስልክ። ያቺ የበርበሬ ፌስታል ከነዳጁ ጋር በአንድ ሚዛን እንደምትቆጠር ሳስብ፣ የበረራው ስሌት የእናቶቻችንን ጓዳ ጭምር የያዘ ይመስለኛል።

ሰዓቱም እንዲሁ የራሱ ነገር አለው። ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ገደማ ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ 7 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች፤ በቀሪዎቹ ወራት 8 ሰዓት። እኛ ቀኑን ከንጋት ስለምንቆጥር ግን በእጅ ሰዓቱ ላይ ያለው ልዩነት ትንሽ ነው። ዲሲ እኩለ ሌሊት ሆኖ ሰዓቱ 12 ሲል፣ አዲስ አበባ ነግቶ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ይላል። በቀዝቃዛዎቹ ወራት ደግሞ 2 ሰዓት። ዲሲ ያለ ሰው በሰዓቱ ላይ አንድ ወይም ሁለት ጨምሮ እናቱ ቤት ስንት ሰዓት እንደሆነ ያውቃል። ከሌሊት ፈረቃ ወጥቶ ሲደውል እሷ ቡና እያፈላች ያገኛታል።

አሁን ከቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ በተባለው አካባቢ አዲስ ትልቅ አውሮፕላን ማረፊያ ለመገንባት ተይዟል። ቦታው ከቦሌ ዝቅ ያለ ነው፤ አየሩም በዚያው መጠን ይወፍራል። ከዚያ የሚነሣ አውሮፕላን ከቦሌ ከሚነሣው የበለጠ ክብደት ይይዛል። ምናልባት አንድ ቀን ወደ ዋሽንግተን የሚሄደውም በመንገድ ማረፉን ይተው ይሆናል።

ከዚያ በፊት ግን አንባቢዬን አንድ ነገር እለምናለሁ። የስኪነር ጉዞ ተጽፏል፤ የንጉሠ ነገሥቱም ተጽፏል፤ የ767ቱም ኪሎ ሜትርና ደቂቃው ሳይቀር ተመዝግቧል። ብዙም ያልተጻፈው በመተማና በሑመራ በኩል በእግራቸው የጀመሩት ሰዎች ጉዞ ነው። እነዚያ ሰዎች አሁን ሸምግለዋል። በቤታችሁ፣ በቤተ ክርስቲያናችሁ፣ በመስጊዳችሁ፣ በዕድራችሁ አንዱ ካለ አጠገቡ ቁጭ በሉና ጠይቁት። ከየት ተነሣህ፣ በየት አለፍክ፣ ገዳሪፍ ስንት ወር፣ ካርቱም ስንት ዓመት፣ ዳለስ የገባኸው በየትኛው ቀን? የሚነግራችሁን በወረቀት ጻፉ፤ ቀኑን አትርሱ።